ስትጠብቅ በርበሬ፣ ስትላላ ጉድ

ካርቱም ውስጥ የሚነገረውን አማርኛ የሰማ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይታዘባል፣ ስድስት ወር ሲቀመጥ ደግሞ ራሱ ይናገረዋል። እኔም ያው ነኝ። ከወሎ የመጣሁ ሰሞን ዴም በሚሉት ሰፈር ውስጥ አንዲት የአገሬ ልጅ «ባቡን ዝጊና በሐፍላ ነይ» አለችኝ። በሩን ዝጊና በሚኒባስ ነይ ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ሐፍላው ጥሎኝ ከሄደ በኋላ ነው። ዛሬ ግን ምን እደብቃችኋለሁ፤ የመኖሪያ ወረቀቴ ኢቃማ፣ ችግሬ ሙሽኪላ ሆኗል፤ ሲበቃኝ «በስ»፣ ስቸኩል «ያላ» እላለሁ። አማርኛዬ ጥርት ብሎ የሚመጣልኝ ስናደድ ብቻ ነው። ከስድቡ ወላሂ አንድም ቃል አልጠፋኝም።

መደባለቁስ ምንም አይደል። ነገር የሚመጣው አንድ ቃል በሁለቱም ቋንቋ ሲኖርና ትርጉሙ ሲለያይ ነው። እዚህ አገር በርበሬን «ሸጣ» ይሉታል፤ «ጣ»ን ጠበቅ ያደርጓታል። እኛ ደግሞ «ጣ»ን ላላ አድርገን «ሸጣ» ስንል አንዲት ሴት አንድ ነገር ሸጣለች ማለታችን ነው። ሸጣ መጣች፣ ሸጣ በላች እንደምንለው። ስትጽፏቸው አንድ ናቸው፣ ስትናገሯቸው ግን ጥንቁቅ ጆሮ ይለያቸዋል። የእናቴ ጆሮ ጥንቁቅ ነው። ስልኳ ግን አይደለም፤ አንድ ጊዜ ይሰማል፣ አንድ ጊዜ ይንሾካሾካል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የጎረቤት ጨዋታ ያስገባል።

እናቴ ያለችው ወሎ፣ ቃሉ ገጠር ነው። ከአገር ስወጣ የሰጠችኝ ወርቅ እንዳይመስላችሁ፤ ሙቀጫ ነው። የአያቷ፣ ቀጥሎ የእናቷ፣ ቀጥሎ የእሷ የነበረ የወይራ ሙቀጫ። አንድ ጎኑ ተሰንጥቆ በብረት ቀለበት ታስሯል፤ ቀለበቱ ከዕድሜ ብዛት ስለላላ ሲወቀጥበት ከ«ዱም» ቀጥሎ «ጭል» ይላል። ዱም ጭል፣ ዱም ጭል። በእኛ ቤት በርበሬ ከዚህ ሙቀጫ ውጭ አያውቅም፤ ወፍጮ ቤት ደርሶ የመጣ በርበሬ እንደ እንግዳ ነው የሚታየው። እኔ የመጀመሪያ ሴት ልጇ ስለሆንኩ ሙቀጫው ለእኔ ደረሰኝ። እስከ መተማ በጭነት መኪና፣ ከመተማ ወዲህ ጭኔ ላይ አድርጌ አመጣሁት። ጠረፍ ላይ ፈታሹ ውስጡን አየ፣ ገለበጠው፣ አንኳኳው፣ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ያኔ ዓረብኛ ስለማላውቅ ሁለት እጄን ጨብጬ ከላይ ወደ ታች የመውቀጥ ምልክት አሳየሁት። ምን እንደመሰለው እንጃ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አሳለፈኝ።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ። ዴም የተከራየሁበት ግቢ ስድስት ቤተሰብ ይኖርበታል። መጀመሪያ በርበሬ የወቀጥኩ ቀን ግቢው በሙሉ አነጠሰ፤ ድመቷ ሳትቀር። በሁለተኛው ቀን ረክሻ፣ ያው ባጃጅ፣ የሚነዳው ጎረቤቴ እንባውን እየጠረገ መጣና በትሕትና «እህቴ፣ ስንት ቀን ይቀረዋል?» አለኝ። እንዲህ እያልኩ፣ ሰውን እያስነጠስኩ ሁለት ዓመት ገፋሁ። በሦስተኛው ኸላጥ ገዛሁ፤ ኸላጥ ያው በኤሌክትሪክ የሚፈጨው ነው። ቁልፉን ተጫን፣ ዝዝዝ፣ በስ። ዘነዘናው መስኮት መደገፊያ ሆነ፣ ሙቀጫው ደግሞ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው በር ሥር ተቀመጠ። እናቴ በደወለች ቁጥር ከእኔ ጤና በፊት የምትጠይቀኝ የሙቀጫውን ጤና ነው። «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» እላታለሁ። በር ሥርም ቢሆን ደህና ነበራ።

የምሠራው አል-ጣኢፍ በሚሉት የካርቱም ሀብታሞች ሰፈር፣ ሐጃ ስዓዲያ የሚሏት ሴት ቤት ነው። ትልቅ ሰው ናት፤ ዓረብኛ አንቱ ስለሌለው በአማርኛ ሳወራ እንኳ አንቱታው ጠፍቶብኛል፣ አትፍረዱብኝ። ልጄ ሐያት ታማ ከሥራ የቀረሁ ቀን ልትጠይቀን ዴም ድረስ መጣችና በሩ ሥር ሙቀጫውን አየች። በቃ፣ የታመመችውን ልጅ ረሳቻት። ቁጢጥ ብላ ሙቀጫውን በሁለት እጇ ዳበሰችውና «ፈንዱክ!» አለች፤ እነሱ ሙቀጫን እንዲያ ነው የሚሉት። ለካ በልጅነቷ አያቷ ጋ እንዲህ ያለ ፈንዱክ ነበረ፤ ከአያቷ ሞት በኋላ ማን እንደወሰደው አይታወቅም። «ለጥቂት ጊዜ በሳሎኔ ላስቀምጠው» አለችኝ። እምቢ እንዳልል አሠሪዬ ናት፣ ደግሞም ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ እሺ እንዳልል የእናቴ አደራ ነው። እሺ አልኩ።

በማግስቱ አል-ጣኢፍ ስገባ ሙቀጫው ሳሎኑ መሐል፣ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ተሰክቶበት ቆሟል። ሐጃ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያስጎበኘች ታስደንቃለች። እውነቱን ልንገራችሁ? ኮራሁ። የእናቴ ሙቀጫ አል-ጣኢፍ ሳሎን ገብቶ ተቀመጠ፤ እኔ እኮ በዚያ ሳሎን እስከ ዛሬ ቆሜ ነው የማስተናግደው። ጥቂት ጊዜ የተባለው ግን አንድ ዓመት ሆነ።

ጉዱ የፈላው ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። እናቴ በየዓመቱ ጾሙ ሲቃረብ ትደውልና ትመርቀኛለች። የወሎ እናት ምርቃት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። እኔ ካርቱም ላይ ከልጄ በቀር ዘመድ የለኝም፤ ኢቃማዬ ጊዜው አልፎ መንገድ በፈራሁ ጊዜ፣ ሐያት በወባ በተያዘች ጊዜ፣ «የእናቴ ምርቃት አለኝ» እያልኩ ነው ያለፍኩት። ያለዚያ ምርቃት ጾም መግባት ልቤ አይደፍርም።

የዚያን ቀን እኔ ኸላጤን እያስጮህኩ የረመዳን በርበሬ ስፈጭ ስልኩን ያነሳችው ሐያት ናት። ሐያት እዚሁ ተወልዳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን አፏ ላይ በመጣላት ቋንቋ ነው። በኋላ ተጨንቃ እንደነገረችኝ ንግግራቸው ይህ ነበር።

«እናትሽ የት ናት?»

«መጥበኽ።» ወጥ ቤት ማለቷ ነው። እናቴ ግን የት ይገባታል።

«ምን ሆነች?»

«ሸጣ።»

«ምን ሸጣ? ሙቀጫዬን እንዳይሆን ብቻ!»

«አይዋ፣ ሐቦባ! ሙቀጫ፣ ሸጣ!» አዎ አያቴ፣ ሙቀጫ የበርበሬ ነው ማለቷ ነው፤ ማወቋን ለማሳየት።

«ያ ረቢ! አሁን የት ነው ያለው?»

«ሐጃ ቤት። ውስጡ አበባ አለ።»

ልብ በሉ፣ ልጄ አንዲት ውሸት አልተናገረችም። እንዲያውም በአማርኛዋ ኮርታ ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ እናቴ ስልክ አታነሳም። ወንድሜ ሰይድ ያነሳና «እየሰገደች ነው» ይላል፤ ቆይቼ ስደውል «ገበያ ወጥታለች»፤ ማታ ስደውል «ተኝታለች»። ከሳምንት በላይ እንዲህ ሆነ። ምን አጠፋሁ እያልኩ ሳሰላስል፣ ከአገር ቤት የመጣች ከድጃ የምትባል ጎረቤታችን ዴም ገብታ አገኘችኝና ሳትስመኝ በፊት «ምነው፣ ሙቀጫውን ሸጠሽ ሴትዮዋን አስለቀስሻት?» አለች። የሐያትን ቃል አንድ በአንድ ነገረችኝ። ስቄ ልሙት ወይስ አልቅሼ? ሁለቱንም ሞከርኩ።

ሰይድን ለምኜ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አስደገንኩ። «እማዬ፣ ወላሂ አልሸጥኩም! እዚህ አገር በርበሬን ሸጣ ነው የሚሉት!»

«ሸጠሽው ስታበቂ ዓረብኛ ልታስተምሪኝ ነው?» አለችኝ።

«ሐያት ትሙት ልበልሽ?»

«አትማይ። አንቺን አልሰማም፤ እሱ ይናገር። ነገ ከዙሁር በኋላ እደውላለሁ፣ ድምፁን አሰሚኝ። ድምፁን ካልሰማሁ ዘንድሮ የምመርቀው የሰይድን ሚስት ነው።»

የሰይድን ሚስት አታውቋትም። ባታውቋት ይሻላል።

በማግስቱ ዘነዘናዬን ከመስኮቱ ነቅዬ፣ ሐያትን ይዤ አል-ጣኢፍ ወጣሁ። ሰው ዘነዘና ይዞ ሐፍላ ሲገባ ምን ያህል ቦታ እንደሚለቀቅለት ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሐጃ ነገሩን ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ ግን ጽጌረዳዎቹን አንድ በአንድ አወጣችና ሙቀጫውን በንጹሕ ጨርቅ ወለወለችው። «እናት ልታዝን አይገባም» አለች። ሁሉ ተሟላ ብዬ ስቀመጥ ስልኩ ጮኸ። ያኔ ነው ዘነዘናውን አስቤ በርበሬውን መርሳቴ ትዝ ያለኝ። ሐጃ ሮጣ ከፍሪጅ አንድ እፍኝ ዛላ አመጣች። ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ለሐያት አስያዝኳትና ወቀጥኩ።

ዱም ጭል። ዱም ጭል።

«እማዬ?» አልኩ።

«እሱ ነው» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። የእኔም እንባ በርበሬው ላይ ሊወርድ ሲል በእጄ ጠረግሁ፣ በበርበሬ እጅ እንባ መጥረግ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እኔ ዓይኔን ይዤ ስዘል እናቴ ልቅሶዋን ጨርሳ ኖሯል። «በርበሬው ግን እርጥብ ነው» አለች። «ካርቱም ፀሐይ አለቀ እንዴ?»

እናንተ ፍረዱኝ። ከቃሉ ሆና ፍሪጁን ሰማችው!

«ደግሞ እጅሽ ምን ሆኗል? ትመቺዋለሽ እንጂ መች ትወቅጪዋለሽ። ከነካሽው ስንት ዓመትሽ ነው?»

ከሽያጩ ነጻ ልወጣ ስል ኸላጡ ሊያጋልጠኝ ሆነ። ዓይኔ ታውሯል፣ ዘነዘናው ተንጠልጥሏል፣ ረመዳን ሦስት ቀን ቀርቶታል፣ የሰይድ ሚስት ደግሞ ከእናቴ ጎን ሆና አሜን ለማለት አፏን አሟሙቃለች። በዚህ መሐል ዘነዘናው ከእጄ ወጣ። ቀና ብዬ በእንባዬ ውስጥ ሳይ ሐጃ ናት። ከመስኮቱ ላይ በጥድፊያው የረሳችውን፣ ፀሐይ የመታውን ደረቅ በርበሬ ጨምራ፣ የተከናነበችውን ቶብ ወገቧ ላይ አስራ ወቀጠች። እንዴት ያለ አወቃቀጥ! ትንፋሿን ከምቱ ጋር «እህ! እህ!» እያስኬደች፣ ዘነዘናውን በአየር ላይ ከእጅ ወደ እጅ እየቀያየረች። ሳሎኑ በርበሬ በርበሬ ሸተተ፣ ሐያት አነጠሰች፣ ሐጃ ግን ስድሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄዳ አያቷ ጋ ናት።

«አዎ!» አለች እናቴ ከማዶ፣ እየጮኸች። «አሁን ገና! ይሄ ነው የእኛ ቤት እጅ! ይሄን እጅ ባየሁት! እጅሽ አይዛል! ጉልበትሽ አይድከም! ቤትሽ አይጉደል! የነካሽው ይጣፍጥልሽ! ሰው አገር ወጥተሽ ሰው አትጪ!»

እኔ አሜን አልኩ። ሐያት አሜን አለች። ሐጃም ምኑም ሳይገባት፣ መውቀጡን ሳታቋርጥ፣ «አሚን» አለች። ምርቃቱ በማናችን ላይ እንዳረፈ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሐጃ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጉልበቴን አመመኝ ብላ አታውቅም። እኔ ዝም አልኩ። እናቴ ደስ ብሏታል፣ ሙቀጫው ተገኝቷል፣ ምርቃቱ ወጥቷል፤ እጁ የማን ነው ብሎ አሁን መቆፈር ምን ያደርጋል? በስ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር። የሐጃ ጨዋነት ግን እናቴን ሰላም ሳትል ስልክ አያዘጋም። ዘነዘናውን አስደግፋ፣ እያለከለከች፣ ከሙቀጫው አንድ ቁንጥር አንስታ ቀመሰችና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። በርበሬው ግሩም ሆኗል ለማለት፣ ባላት ጉሮሮ ሁሉ፣ «ያ ሐጃ! ሸጣ! ሸጣ ተማም!» ብላ ጮኸች። «ጣ»ን በደንብ ነው ያጠበቀቻት፣ እኔ ምስክር ነኝ። ስልኩ ግን ያው ስልክ ነው።

ስልኩን ከሐያት ነጠቅሁ። የቃሉ ዶሮ ሲጮህ ሰማሁ።

«ዘይነባ» አለችኝ እናቴ፣ ቀስ ብላ። «የገዛችው እሷ ናት?»

ስልኩን መልሼ ለሐያት ሰጠኋት።