የእትዬ ሜትር ደብተር

በየሰፈሩ የሰውን ወገብ ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የኛዋ ክብርት እትዬ ሜትር ናቸው፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፊዋ። መለኪያው ከአንገታቸው አይወርድም፤ አብሯቸው የተወለደ ነው የሚመስለው።

መንገድ ላይ ካገኙህ ሰላምታ ብሎ ነገር የለም። "አንተ፣ ሱሪህ ሁለት ጣት ጠቧል። ምን እየበላህ ነው?" ይላሉ፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት። ከካድክ ደብተር ይወጣል። የሰፈሩ ሕዝብ በሙሉ እዚያ ውስጥ በቁጥር ተጽፏል። ከዚያ ፍርዱ ይነበባል፦ "ሜትር አይዋሽም!"

እኔ ከሩቅ ካየኋቸው መንገድ ተሻግሬ ነበር የምሄደው።

ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ጉንጯ ሞላ፣ ፊቷ ክብ አለ። ዘመድ ሁሉ "ተመችቷታል" አለ። እኔም ኮራ አልኩ፤ መቼም ልጅ ሲወፍር ምስጋናው የአባት ነው። እናቷ ብቻ "ደረጃ ስትወጣ ለምን ታለከልካለች?" ትላለች። ክሊኒክ ወሰድናት፤ "ጣፋጭ ቀንሱ" አሉን። ቀነስን። ልጅቷ አልቀነሰችም።

ለአዲሱ ዩኒፎርም ልናስለካት ሄድን። እትዬ ሜትር ወገቧን ለኩ፣ ቁመቷን ለኩ፣ ደግመው ለኩ፣ ደብተሩን ገለጡ። መለኪያውን ጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ይሄን ልብስ አልሰፋም።"

"ምነው እትዬ?"

"በሁለት ዓመት ወገቧ አስራ አራት ሳንቲሜትር ጨምሯል። ቁመቷ አንድ! የተመቸው ልጅ ወደ ላይም ይሄዳል። ይቺ ወደ ጎን ብቻ ነው።"

"የኛ ዘር እኮ አጭር ነው።"

"አጭርም ያድጋል! ሜትር አይዋሽም፣ የሚዋሸው አባት ነው!"

ደብተሩን በብብታቸው ሸጉጠው ሆስፒታል ድረስ አብረውን መጡ። የልጆች ሐኪሟ ገጹን ደግማ አነበበችው።

"ይሄን ማነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ። ቅር ያለሽ ነገር አለ?"

"ኧረ የለም እማማ፤ የምፈልገው ልክ ይሄንን ነው።"

የአንድ ቀን ሙሉ ሽንት ሰበሰብን፣ ደም ተቀዳ፣ ሆዷ በማሽን ፎቶ ተነሳ። ኮርቲሶል የሚባል፣ ሲበዛ የሚያወፍርና እድገት የሚገታ ነገር ሰውነቷ ከልክ በላይ ያመርታል አሉን፤ ከኩላሊቷ በላይ ያለች ዕጢ ላይ እባጭ በቅላለች። "በቀዶ ጥገና ይወጣል" አለች ሐኪሟ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ለእኔ የገባኝ "ይወጣል" የሚለው ነው። እሱንም ሦስቴ አስደግሜያታለሁ።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት እትዬ ሜትር አልሰፋም ያሉትን ዩኒፎርም ይዘው ከች አሉ። እናቷ የቀሚሱን ጫፍ ገልበጥ አድርጋ አየች። ከውስጥ አንድ ስንዝር ሙሉ ታጥፏል።

"ይሄ ሁሉ እጥፋት ለምንድነው እትዬ?"

"ታድግበታለች።"

"ሜትሩ ነው ያለው?" አልኩ፣ ለመቀለድ።

"ዝም በል! እኔ ነኝ ያልኩት።"

ቀሚሱን ከእናቷ ተቀብለው እጥፋቱን እንደገና አስተካከሉ።

እባጯ ወጣች። ልጄ ሰውነቷ እስኪለምድ ለወራት ክኒን ዋጠች፣ አኮረፈች፣ ደከመች፣ ቀስ በቀስ ጉንጯ ጎደለ። ባለፈው ሳምንት የዚያ ቀሚስ እጥፋት ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታ። ሁለት ጣት። እትዬ ሜትር በራቸው ላይ ቆመው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ "ሁለት ጣት!" ይላሉ።

እኔም ሳልፍ አዩኝ። "አንተ ደግሞ ዛሬም ወደ ጎን ነህ!"

አልተሻገርኩም። እጆቼን ግራና ቀኝ ዘርግቼ ቆምኩላቸው፤ ይለኩኝ።