ጉም እየለመንን ያጨስነው ሥጋ

የቆላ ሰው በረደኝ ሲል ደገኛ ይስቃል። ውርጭ እየረገጠ ያደገ ሰው ፊት ቀርባችሁ «የመተማ ብርድ ገደለኝ» ብትሉት፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ወባ ይዟችሁ እንደሆነ ነው። አልፈርድበትም። ነገር ግን ደገኛው ከብርድ ጋር የሚተዋወቀው በርኖስና ጋቢ ደራርቦ፣ ከሩቅ ነው። እኛ ቆለኞቹ ብርድ ድንገት የመጣብን ቀን ያለችን አንዲት ነጠላ ናት። ፊት ለፊት እንገጥመዋለን። እሳት አንድደሽ አትሞቂም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እሱን ነው የማወራችሁ።

ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ነው። ከሳንጃ በታች የነበረው መንደራችን ተቃጠለ። ባለቤቴ ከአርበኞቹ ጋር ዱር ገብቷል። እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ፣ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ነበር የሚሄድ። ሴትና ሽማግሌ የበዛብን ጥቂት ሰዎች ሆነን፣ ወደ ሱዳን ለመሻገር በአንገረብ ሸለቆ ተደብቀናል። የምንሰማው አያ ታረቀኝን ነው፤ ንግግር የማይወዱ ጎልማሳ ገበሬ ናቸው። ቄስ እንየው የመንደራችን ቄስ ናቸው። ሃጂ ኢድሪስ ደግሞ የመተማ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸውን ጥለው ሲሸሹ መንገድ ላይ አገኘናቸው። ወደ ድንበሩ የሚያወጣውን የበረሃ መንገድ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከጥቂት ቆሎ በቀር እህላችን አለቀ። ከፊታችን ያለው ቆላ ደግሞ መንደር የለበትም። በዚሁ ላይ አያ ታረቀኝ ከቃጠሎው ያተረፉት አንድ የእርሻ በሬ ቁልቁለቱን ሲወርድ ተንሸራቶ እግሩ ተሰበረ። ራሳቸው አረዱት። ቆዳው ተገፎ እስኪያልቅ ድረስ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ቆሙ። ሲመለሱ ግን ስለ መንገዱ ስንቅ ነበር ያወሩት።

ችግሩ ሥጋውን ማድረቅ ላይ ነው። ሸለቆው ውስጥ ፀሐይ ብቅ ብላ ነው የምትጠፋ፤ ቋንጣው ሳይደርቅ ይሸታል። ጢስ ያሻዋል። ቀን ብናጨስ አይሮፕላን ያየናል፤ ማታ ብናነድ ከማዶ ያለው የጣሊያን ምሽግ እሳቱን ያያል።

«ጠዋት ነው» አሉ አያ ታረቀኝ። «ብርዱ ሲጠና ከወንዙ ጉም ይነሳል። ጉሙ እስካለ እናጨሳለን፣ ሲገለጥ እናጠፋለን። ከሩቅ ለሚያይ ጢስና ጉም አንድ ነው።»

እንግዲህ አስቡት። ከቄሱ ጋቢና ከሃጂ ካባ በቀር አንዲት ነጠላ የለበስን ሰዎች ብርድ እንዲጨምርልን መለመን ጀመርን። ቄስ እንየው የጠዋት ጸሎታቸውን ሲያሳርጉ «ብርዱንም አጽናልን» ይላሉ፤ እኛ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ አሜን እንላለን። ተሰማልን መሰለኝ፣ በዚያ ታኅሣሥ የወረደው ብርድ ዛሬም ሲታወሰኝ ጉልበቴን ያመኛል። ጉሙ እንደ ወተት ሸለቆውን ይሞላዋል። ቆጥ ሠርተን፣ ሥጋውን በልጥ ሰቅለን፣ ከሥሩ እርጥብ ግራርና ቅጠል እናጨሳለን። ጠጋ ብለን እጃችንን ስንዘረጋ አያ ታረቀኝ «እሳቱ የሥጋው ነው» ይሉና ያርቁናል፤ ብንቀርብ ለመሞቅ ስንል እንጨት መጨመራችን እንደማይቀር ያውቁታል።

በዚያ ላይ የገና ጾም ነው። ሥጋው እየሸተተን ጾማችንን እንውላለን። ቄስ እንየው ለእኔ «ነፍሰ ጡር ነሽ፣ ፈቅጃለሁ፣ ብዪ» ብለውኝ ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው ምራቁን እየዋጠ እኔ ብቻ ላላምጥ? እምቢ አልሁ። ጢሱን ነበር የምስብ።

ሃጂ ኢድሪስ እኛ ያረድነውን አይበሉም፤ እኛም የእሳቸውን አንበላም። ስለዚህ ይዘውት የመጡትን አንድ ፍየል በራሳቸው እጅ አርደው ከቆጡ ዳር ሰቀሉ።

«ቄስ፣ የኔ ፍየል ጢስ ወደ እናንተ በሬ ቢሻገርስ?» አሉ አንድ ጠዋት።

ቄስ እንየው «ጢሱን አንበላውም» አሉ። ቢሆንም ለጥንቃቄ በበሬውና በፍየሉ መካከል ክንድ የሚያህል ክፍት ቦታ ተተወ።

ሥጋው ሊደርስ ሲል፣ በመጨረሻው ጠዋት፣ ነፋስ ተነሳ። ጉሙ በአንድ ጊዜ ከላያችን እንደ ብርድ ልብስ ተገፈፈ። ጢሳችን ብቻውን ቀጥ ብሎ ሰማይ ላይ ቆመ። ወዲያው ያ የምናውቀው የአይሮፕላን ድምፅ ከሩቅ መጣ።

አያ ታረቀኝ ያልደረቀውን የበሬ ቆዳ ጎትተው እሳቱ ላይ ጣሉት። አልበቃም፤ በፍየሉ በኩል ጢሱ ይወጣል። ሃጂ ኢድሪስ ሁላችንን የሚያስቀናውን ወፍራም የሱፍ ካባቸውን አውልቀው ደፉበትና በእጃቸው ይጫኑት ጀመር። እኛ ሴቶቹ ሥጋውን ከቆጡ እየመነጨቅን በነጠላችን አቅፈን ከአለት ሥር ገባን። በዚያ ሆዴ እንዴት እንደሮጥሁ አትጠይቁኝ። አይሮፕላኑ ከላያችን አንድ ጊዜ ዞረ። የክንፉ ጥላ በድንጋዩ ላይ ሲያልፍ ልጄ በሆዴ ውስጥ ተገለበጠ። ከዚያ አይሮፕላኑ ወደ መተማ አቅጣጫ ሄደ።

ድምፁ ሲጠፋ መጀመሪያ የሳቁት አያ ታረቀኝ ናቸው። ቀጥሎ ሁላችን። እያለቀስን ሳቅን።

ሳቁ ያቆመው ነጠላዎቻችንን ስንፈታ ነው። ሁሉም ሥጋ ጠቁሯል፣ ሁሉም ተጨማትሯል፣ ሁሉም ተደባልቋል። በሬው የቱ ነው፣ ፍየሉ የቱ ነው? በዓይን የሚለይ ጠፋ። መቅመስ ነው ያለው። ሃጂ ኢድሪስ አይቀምሱ፣ የእኛን እርድ ይነካሉ። ቄሱና ሌላው ሰው አይቀምስ፣ ጾም ነው። ከዚያ ዓይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ እኔ ሆድ ዞረ።

«ልጄ» አሉ ቄስ እንየው፣ «ለበሬው አስቀድሜ ፈቅጃለሁ። ፍየሉን የቀመስሽ እንደሆነ ከወለድሽ በኋላ ትሰግጂያለሽ፣ አስታውስሻለሁ።»

«እኔ ይቅር እላታለሁ» አሉ ሃጂ ኢድሪስ፣ በቀጭን ሸሚዝ እየተንቀጠቀጡ።

ቁጭ አልሁ። ከየቋንጣው ጫፍ እየቆረጡ ያቀብሉኛል፤ እኔ እያላመጥሁ «በሬ» «ፍየል» እላለሁ። ፍየሉ ሲታኘክ ጠረኑ አይደበቅም፤ በሬው ጥርስ ይይዛል። እንደ ዳኛ ነበር የሚያዩኝ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው አፌን ጠብቆ አያውቅም። አንዳንዱን ለማረጋገጥ ደግሜ እቀምሰዋለሁ፤ ማንም አልተቃወመኝም። ሁለት ክምር ሆነ፣ ሃጂ የራሳቸውን አንስተው በስልቻቸው ከተቱ፣ ተነሣን።

በረሃውን ያቋረጥነው በዚያ ሥጋ ነው። ሽማግሌዎቹንና ታማሚዎቹን ቄሱ በግዝት ጾሙን አስፈትተው አበሏቸው፤ ሌሎቻችን ገና ደርሶ ጾሙ ሲፈታ በላን፤ ሃጂ የራሳቸውን በሉ። ካባቸው ተቃጥሎ ብርድ ሲያንዘፈዝፋቸው ቄስ እንየው ጋቢያቸውን ዘረጉና «ግቡ» አሏቸው። ድንበሩን ሁለቱ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው፣ አንዱ የሌላውን እግር እየረገጠ ነው የተሻገሩት።

ከድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ፣ በስደተኛ ጎጆ፣ በሰላም ወለድሁ። ሃጂ ኢድሪስ ለአራሷ ብለው ፍየል ይዘው መጡ። ከነነፍሱ። «በእጃችሁ እረዱት፣ እንድትበሉት ብዬ ነው» አሉና ከደጅ አስረውት ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ቄስ እንየው መጡ። ፊታቸውን ኮስተር አድርገዋል፤ የመጡት ስለ ስግደቱ ሊያስታውሱኝ እንደሆነ ገብቶኛል። በሩ ላይ ደርሰው ፍየሉን አዩት። ዞር ብለው ጎኑን ዳሰስ፣ ዳሰስ አደረጉት።

«ልጄ» አሉ፣ «ቢላ አለ?»