ከሰገነት የሚነሳው ፎቶ እና የጠፋው የማኅተም ቀለም

የስብሰባው ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ
የተጀመረበት ሰዓት፦ 8፡00 ሊጀመር ታስቦ 8፡35
ቦታ፦ የመዝገብ ቤቱ የኋላ ክፍል፣ በመደርደሪያ «መ» እና በመደርደሪያ «ሠ» መካከል (አዳራሹን የወንዶቹ የእግር ኳስ ኮሚቴ ስለያዘው)
የኮሚቴው ስም፦ የዓመታዊ ፎቶግራፍ አነሣሥ ጉዳይ አጥኚ ጊዜያዊ ኮሚቴ። በመሥሪያ ቤቱ «የአናት ኮሚቴ» እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው እስካሁን አልተያዘም።

የተገኙ
1. የገቢና ወጪ ደብዳቤ ክፍል ኃላፊ — ሰብሳቢ
2. የንብረት ክፍል ኃላፊ — አባል
3. ስልከኛዋ — አባል
4. የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ ሁላችንም «እትዬ ፋይል» የምንላቸው — አባል፤ እንደ ሁልጊዜው ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው
5. ታይፒስቷ — ጸሐፊ፤ በተመረጠችበት ሰዓት ውሃ ልትጠጣ ወጥታ ስለነበር አልተቃወመችም

በታዛቢነት፦ የሰገነቱ ጥበቃ። ወንበር ሊያመጡ ገብተው፣ ባመጡት ወንበር ላይ ራሳቸው ስለተቀመጡ ተገኝተዋል።

ያልተገኙ፦ ሁለት አባላት። አንደኛዋ በፈቃድ ላይ ናቸው። ሁለተኛዋ ጸጉር ቤት፣ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ መሆናቸውን በስልክ አሳውቀዋል፤ ምክንያታቸው ከአጀንዳው ጋር የተያያዘ በመሆኑ በምስጋና ተቀባይነት አግኝቷል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አባላት አምስት ሲገኙ ይሟላል። ልክ አምስት ስለሆንን ተሟልቷል። ሆኖም ስልክ በጠራ ቁጥር ስልከኛዋ ሮጠው ስለሚወጡ ይጎድላል፤ ሲመለሱ እንደገና ይሟላል። በጎደለበት ጊዜ የተባለ ነገር ሁሉ በቃለ ጉባኤ እንዳይገባ ሰብሳቢዋ ጸሐፊዋን አስጠንቅቀዋል።

መነሻ

ሰብሳቢዋ የኮሚቴውን ዓላማ አብራርተዋል። በየዓመቱ ሠራተኛው በሙሉ ግቢው ውስጥ ይሰለፋል፤ ፎቶ አንሺው ሁሉንም ለማካተት ሁለተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ ወጥቶ ያነሳል፤ ፎቶው ኮሪደሩ ላይ ይሰቀላል። ድሮ የሚታየው ፊት ነበር። እኛ ሃምሳን ከተሻገርን፣ ያ ለስላሳና ሞገድ ሞገድ ይል የነበረው ጸጉራችንም መሳሳት ከጀመረ ወዲህ ግን የሚታየው አናት ሆኗል። ባለፈው ዓመት ፎቶ ፊት አንድ ባለጉዳይ ቆሞ የሳሳ አናት ሲቆጥር ተገኝቷል።

ዋናው ጉዳይ ይህ ብቻ አይደለም። እትዬ ፋይል በዚህ ወር መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። የፊታችን ዓርብ የሚነሳው ፎቶ የመጨረሻቸው ነው። እሳቸው ግን ላለፉት ስድስት ዓመታት በየትኛውም ፎቶ ላይ የሉም፤ ሰልፉ ሲጀመር «አንድ ፋይል ልፈልግ» ብለው ይገባሉ፣ ፎቶ አንሺው ዕቃውን ሸክፎ እስኪሄድ አይወጡም። ለዓርብም ፈቃድ ጠይቀዋል። ኮሚቴው የተቋቋመው እሳቸውን ዓርብ ግቢው ውስጥ ለማቆም መሆኑን ከእሳቸው በስተቀር ሁሉም ያውቃል። እሳቸውም ያውቃሉ።

ምን ይላሉ ተብለው ሲጠየቁ «ዓርብ ጥርስ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ» ብለዋል። አምናም ጥርስ እንደነበረ ተወስቷል። ጥርሳቸው አንድም እንዳልጎደለ ጸሐፊዋ በዓይኗ አይታለች።

አጀንዳ አንድ፦ ፎቶ አንሺው የት ይቁም?

ሰብሳቢዋ ፎቶ አንሺው ከሰገነቱ ወርዶ፣ ግቢው ውስጥ በጀርባው ተኝቶ ወደ ላይ እንዲያነሳ ሐሳብ አቀረቡ። እንዲህ ሲሆን አናት አይታይም፣ በዚያ ላይ ቁመት ይጨምራል ብለዋል። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ተቃወሙ። ከታች የተነሳ ሰው የሚታየው አገጩ ነው፣ አገጭ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም አሉ። ሰብሳቢዋ ይህ ነገር ማንን እንደሚመለከት ጠየቁ። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ የማንንም ስም እንዳልጠሩ ገለጹ። ሰብሳቢዋ ከዚህ በኋላ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ስብሰባውን ሲመሩ ቆይተዋል።

ስልከኛዋ አማራጭ አቀረቡ። ለሕንፃው ዕድሳት ተገዝተው የተረፉ አርባ ሄልሜቶች ንብረት ክፍል ውስጥ ስላሉ ሠራተኛው በሙሉ ሄልሜት አድርጎ ይነሳ አሉ። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ሄልሜቶቹ ሠላሳ ስምንት መሆናቸውን አረሙ፤ ሁለቱ አበባ ተተክሎባቸዋል። እትዬ ፋይል «እኔ ሄልሜት አድርጌ ጡረታ ልውጣ?» ሲሉ ሐሳቡ ወደቀ።

ጥበቃው እጃቸውን አውጥተው፣ ራሰ በራ ከሆኑ ሃያ ዓመታቸው መሆኑን፣ ለእሳቸው ግን አንድም ቀን ኮሚቴ ተቋቁሞላቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። ሰብሳቢዋ ታዛቢ መናገር እንደማይችል አሳስበው ቅሬታቸው ይመዝገብ ብለዋል። ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ድምፅ ተሰጠ። አናት እንዳይታይ ሁለት፣ አገጭ እንዳይታይ ሁለት፣ ድምፀ ተአቅቦ አንድ (ጥርስ)። ስለሆነም ፎቶ አንሺው አናትም አገጭም በማይታይበት መካከለኛ ከፍታ ላይ እንዲቆም ተወሰነ። ከፍታው የት እንደሆነ ለጊዜው አልታወቀም።

አጀንዳ ሁለት፦ የጸጉር አያያዝ

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ማብራሪያ ሰጡ። ስስ ጸጉር ቅባት ሲበዛበት እንደሚተኛና አናት ላይ እንደሚለጠፍ፣ መሃል ለመሃል ተከፍሎ ሲበጠር መስመሩ መንገድ እንደሚያክል፣ ትከሻ ላይ ሲቆረጥ ግን ሞገዱ ተመልሶ ብዙ እንደሚመስል አስረዱ። ሁሉም አባላት እስከ ዓርብ ይቆረጡ አሉ።

ሰብሳቢዋ የእሳቸው ጸጉር እስከ ወገባቸው እንደሚደርስ፣ የትዳር ዘመናቸውን ሙሉ መቀስ ነክቶት እንደማያውቅ አስታወቁ። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወገብ የሚደርሰው ስንቱ እንደሆነ ጠየቁ። «አሥራ አንዱም ቢሆን ይደርሳል» የሚል መልስ ተሰጥቷል።

ስልከኛዋ ለሦስት ወር የሽንኩርት ጭማቂ እየተቀቡ መሞከራቸውን ለልምድ ልውውጥ ያህል አካፈሉ። ጸጉሩ አልመጣም፤ አጠገባቸው ትቀመጥ የነበረችው ሠራተኛ ግን ዝውውር ጠይቃ ሄዳለች። ከረጅም ውይይት በኋላ ቅባት እንዲቀር፣ መሃል ለመሃል መክፈል እንዲቀር፣ ሁሉም ትከሻው ላይ እንዲቆረጥ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። ሰብሳቢዋ በአሥራ አንዱ ስም ልዩነታቸውን አስመዝግበዋል።

አጀንዳ ሦስት፦ ቬንትሌተሩ

ጠዋት መስታወት ፊት አርባ ደቂቃ የተደከመበትን አናት ጣሪያው ላይ ያለው ቬንትሌተር በአንድ አፍታ እንደሚበትነው ሁሉም አባላት በአንድ ድምፅ መሰከሩ። በዚህ ኮሚቴ ታሪክ ሁሉም የተስማማበት ብቸኛ ነጥብ ነው። ቬንትሌተሩ ወዲያውኑ እንዲጠፋ ተወሰነ፤ ጥበቃው አጠፉት። መስኮቱን መክፈት አይቻልም፣ መደርደሪያ «ሠ» ዘግቶታል። ሰዓቱ 9፡20 ነበር።

አጀንዳ አራት፦ የማኅተም ቀለም ብክነት

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ድንገተኛ አጀንዳ አስያዙ። አንድ ጠርሙስ ጥቁር የማኅተም ቀለም ስድስት ወር ይበቃ ነበር፤ አሁን በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጠርሙስ አልቋል። የደብዳቤው ብዛት ግን ያው ነው። ቀለሙ የት ገባ?

ሰብሳቢዋ ቀለም በባሕርዩ እንደሚተን ገለጹ። ስልከኛዋ በስልክ ላይ ማኅተም እንደማይመታ አስታወሱ። ጸሐፊዋ የመጻፍ እንጂ የመጠየቅ ግዴታ እንደሌለባት ተናግራ ሙቀቱ እንዲመዘገብላት ጠየቀች። ከረጅም ውይይት በኋላ አጣሪ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም፣ ሰብሳቢው ሰብሳቢዋ፣ ጸሐፊው ጸሐፊዋ እንዲሆኑ ተወሰነ።

እዚህ ላይ ስልክ ጠራ። ስልከኛዋ ወጡ። ምልዓተ ጉባኤው ጎደለ።

ምልዓተ ጉባኤው ጎድሎ ሳለ

ከዚህ ቀጥሎ ያለው በደንቡ መሠረት መጻፍ የለበትም። እጽፈዋለሁ።

በዚህ ገጽ ላይ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ የእኔ ነው። ውሳኔውን ልጽፍ ጎንበስ ስል አንድ ነገር ከጸጉሬ ሥር ተነስቶ በግንባሬ፣ ከዚያ በአፍንጫዬ ወረደና «አጣሪ» የሚለው ቃል ላይ ጠብ አለ። ሁለተኛው «ንዑስ» ላይ አረፈ። ቀና ስል የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቀድመው የተናገሩት ጥበቃው ናቸው። «እኔ እንኳ ከሰገነት ሆኜ ሁሉንም አያለሁ» አሉ። «የታይፒስቷ አናት በስፖንጅ የተቀባ ነው፣ ቆንጆ ሥራ ነው። የሰብሳቢዋ ግን ይነበባል።»

«ምን ይነበባል?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«‹ገቢ ሆኗል› ይላል። ቀኑም አለበት።»

ሰብሳቢዋ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። ጠዋት ስፖንጅ ስላጡና ስለቸኮሉ ማኅተሙን እንዳለ ለጠፍ ለጠፍ እንዳደረጉት፣ አንዴ ብቻ መሆኑን ተናገሩ። ጥበቃው ቢያንስ አራት የተለያየ ቀን ማንበባቸውን ገለጹ። ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አሉ ሲባሉ «ታዛቢ አይናገርም ተባልኩ አይደል?» ብለዋል።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ሳቃቸው መጣ፤ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ከዚያ የመሳቢያ ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርገው «ሦስተኛውን ጠርሙስ የጨረስኩት እኔ ነኝ፣ ባዶው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ማወቅ የፈለግሁት የሁለቱን ነበር» አሉ።

ቀለሙ ወደ ዓይኔ እየመጣ ነበር። እትዬ ፋይል ከመቀመጫቸው ተነሱ፣ ሻሻቸውን ፈቱ፣ አገጬን ያዝ አድርገው ግንባሬን በሻሻቸው ይጠርጉልኝ ጀመር። «ጨፍኚ ልጄ፣ ዓይንሽ ውስጥ እንዳይገባ» አሉኝ።

እዚህ ቤት ከእሳቸው ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ጸጉራቸውን ያየሁት የመጀመሪያዎቹን ስድስት ነው። ያኔ ፋይል ላይ እየወረደ ሲያስቸግራቸው በእርሳስ ጠቅልለው ያስሩት ነበር። አሁን ጎንና ጎኑ ላይ ያው ሞገዱ አለ፣ መሃሉ ግን ሳስቶ ብርሃን ያልፍበታል። እሳቸው መልሰው አላሰሩትም፤ የቆሸሸውን ሻሽ እጃቸው ላይ ይዘው ቁጭ አሉ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ቤት አንድ ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም» አሉ። «ኮሪደሩ ላይ ሳልፍ በየዓመቱ ያንን ፎቶ ቆሜ አያለሁ። ሁላችሁም አላችሁ። ሾፌሩ አለ፣ ባለፈው ዓመት ለሁለት ሳምንት የመጣችው ልጅ እንኳ አለች። እኔ የለሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ ራሴን ከመደርደሪያ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ለዚች ብዬ።» አናታቸውን ነካ አደረጉ።

አለቀስኩ። ቀለምና እንባ ሲቀላቀል ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ የዚህን ገጽ የታችኛውን ክፍል ይመልከት።

ከዚያ ጥበቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንዲህ አሉ፦ «እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር ነው። ፎቶ አንሺው ‹ተዘጋጁ› ሲል ሁላችሁም ታቀረቅራላችሁ። ያቀረቀረ ሰው ከላይ ሲታይ አናት ብቻ ነው። ቀና ብትሉ እኮ የሚታየኝ ፊታችሁ ነበር።»

ስድስት ዓመት አናታችንን ለመደበቅ አንገታችንን ስንደፋ፣ አናታችንን ስናስነሳ ኖረናል።

ምልዓተ ጉባኤው ከተሟላ በኋላ

ስልከኛዋ ተመልሰው ገቡ። ጸሐፊዋ ጥቁር በጥቁር ሆና፣ ሰብሳቢዋ አናታቸውን ይዘው፣ እትዬ ፋይል ያለ ሻሽ ተቀምጠው አገኙ። ምን እንደተባለ ጠየቁ። በቃለ ጉባኤ ሊገባ የሚችል ምንም እንዳልተባለ ሰብሳቢዋ መለሱ። ስልከኛዋ የደወለው ፎቶ አንሺው መሆኑን፣ ዓርብ የት ልቁም እያለ መሆኑንና መስመር ላይ እየጠበቀ መሆኑን አስታወቁ።

ስለዚህ ያለ ምንም ውይይት የሚከተለው ተወሰነ፦

በአጀንዳ አንድ የተወሰነው ተሽሯል። ፎቶ አንሺው እንደ ወትሮው ሰገነቱ ላይ ይቁም፤ ሁሉም ሰው ቀና ብሎ እሱን ይይ። ቀና ሲባል አገጭም እንደሚስተካከል የንብረት ክፍል ኃላፊዋ በዚያው ሞክረው አረጋግጠዋል፤ ለሰብሳቢዋም ይቅርታ ጠይቀዋል።

በአጀንዳ ሁለት የተወሰነው ተሽሯል። መቆረጥ የፈለገች ትቆረጥ፣ አሥራ አንዱም ባሉበት ይቆዩ።

በአጀንዳ ሦስት የተወሰነው ተሽሯል። ጥበቃው ቬንትሌተሩን አበሩት። የሁላችንም ጸጉር ወደፈለገበት ሄደ፤ ማንም እጁን አላነሳም።

በአጀንዳ አራት የተቋቋመው ንዑስ ኮሚቴ፣ አጣሪውና ተጣሪው አንድ ሆነው ስለተገኙ ፈርሷል። ኮሚቴው ራሱም ፈርሷል።

ጥበቃው ዓርብ ከሰገነቱ ወርደው ሰልፉ ውስጥ እንዲቆሙ ተጠይቀው፣ የእሳቸው አናት ፎቶውን እንዳያበላሽ ፈርተዋል። ቀና እንዲሉ ተመክረዋል።

በመጨረሻ እትዬ ፋይል የዓርብ ፈቃድ ጥያቄያቸው እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ሰብሳቢዋ ወረቀቱ ገቢ ሆኖ ማኅተም ስለተመታበት መመለስ እንደማይቻል አስረዱ። እትዬ ፋይል «ቅደጂው» አሉ። እሳቸው ወረቀት ይቀደድ ሲሉ በዚህ መሥሪያ ቤት ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ተቀደደ።

ስብሰባው ያበቃበት ሰዓት፦ 10፡25

ፊርማ፦ የአምስቱ አባላት፤ ስድስተኛው የጥበቃው ነው፣ ማንም አልከለከላቸውም።

ማኅተም፦ በመሥሪያ ቤቱ የቀረ የማኅተም ቀለም ባለመኖሩ ይህ ቃለ ጉባኤ ማኅተም አልተደረገበትም።