ለክፉ ቀን የተቀመጠው ዘንዶ

ቁጥብ ሰው ትወዳላችሁ? እኔም እወድ ነበር፤ ሙራድ ካርድ ሲጫወት እስካይ ድረስ።

ሙራድ የኮልፌ ልጅ ነው፤ ጎረቤቴ። ጨዋታው አውሬ የተሳለባቸውን ካርዶች እየገዙና እየተለዋወጡ ሰብስቦ፣ ምርጥ ምርጡን ይዞ መጋጠም ነው። የእሱ ምርጥ ዘንዶ ነው። ዘንዶ ጠረጴዛ ላይ ከወረደ ጨዋታው አለቀ። ግን ሲያወርደው ያየ ሰው የለም። በላስቲክ አሽጎ ይዞታል። "ለክፉ ቀን ነው" ይላል። ይህን ስትራቴጂ ብሎ ይጠራዋል።

ባለፈው እሁድ ቤቴል አንድ ካፌ ውስጥ ለዋንጫ ቀረበ። ግማሹ ኮልፌ ታክሲ ተሳፍሮ ሊደግፈው መጣ። ተጋጣሚው አንዲት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጎሹን በላችበት። ጅቡን በላችበት። አንበሳው ራሱ አልተረፈም። ዘንዶው እጁ ላይ ነው! ከኋላው የቆምኩትን እኔን ላብ አጠመቀኝ።

"ሙሬ፣ አውርደዋ! ከዚህ የከፋ ቀን ከየት ይምጣ?"

"ይረጋጉ ጋሼ፣ የባሰ ቢመጣስ?"

የባሰው መጣ፤ ተሸነፈ። ልጅቷ ዋንጫዋን ታቅፋ ስትወጣ እሱ ዘንዶውን አገላብጦ አየና፣ "አልሐምዱሊላህ፣ አልተጫረም" አለ።

እስከ ፌርማታው ድረስ ስሰድበው ሄድኩ። ቤት እንደገባሁ ለባለቤቴ ላወራላት ሶፋው ላይ ዘፍ አልኩ።

"ተነስ እንጂ! የእንግዳውን ሶፋ ልታበላሸው ነው?" አለች፣ ከሠርጋችን ጀምሮ ያልተነሳውን ላስቲክ በእጇ እየጠረገች።

እውነቷን ነው። ዱካ ስቤ ተቀመጥኩና የሙራድን ጅልነት እተርክላት ጀመር።