ጄት በጆሮ የጠበቁት አቶ ሸዋንግዛው

የቆላ ከተማ ያለ ዝናብ ይከርማል፤ ያለ ሁሉን አዋቂ ግን አንድ የገበያ ቀን አይውልም። በነገሌ ቦረና ይህን ከባድ ሹመት የያዙት ክቡር አቶ ሸዋንግዛው ነበሩ። የሾማቸው የለም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም። መኪና ሲበላሽ ከሹፌሩ ቀድመው የበሽታውን ስም ይጠራሉ። ሙሽራ ስታለቅስ ለምን እንደምታለቅስ ከራሷ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ሲያበቁም፣ «ይህ ለእኔ አዲስ አይደለም» ይላሉ።

ከብት አርቢው ጎሊቻ ይህችን ቃል ሲሰማ ጥርሱን ያፋጫል። ግን ገበያ በወጣ ቁጥር ጨው እንኳ ሳይገዛ አስቀድሞ የሚሮጠው እሳቸው ወደሚቀመጡበት ሻይ ቤት ነው። ለመከራከር።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ በአንዱ የበጋ ወር፣ ከድምፅ እኩል ለመሮጥ ጥቂት የሚቀራቸው ጄቶች በአውሮፕላን ማረፊያው ላይ ትርኢት ሊያሳዩ ነው ተባለ። ጎሊቻ እንቅልፍ አጣ። ቀኑ ከብቱን የሚያጠጣበት የጉድጓድ ተራው ነው፤ መንገዱ ደግሞ በሜዳው ጥግ ያልፋል። በበጋ ተራውን የዘለለ ከብቱን በጥም ይቀጣል። ከሁሉም ያሳሰበችው ልትወልድ የደረሰችው ቡሬ ላሙ ነበረች።

ሸዋንግዛው ሳቁበት። መንገደኛ የምታመላልሰው አውሮፕላን፣ ዳኮታ፣ ስትመጣ ጉርምርምታዋ ከሩቅ ተሰምቶ፣ ሻይ ተጠጥቶ፣ ኋላ ነው አካሏ የሚታየው። «ጥቂት ቀራቸው ማለት እኮ ድምፁ ይቀድማል ማለት ነው፣ ኦቦ ጎሊቻ። እኔ ሜዳው ዳር እቆማለሁ። ስሰማ ባርኔጣዬን አነሳለሁ፤ ልጆችዎ ከብቱን ይሰብስቡ።»

ጎሊቻ አመነ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከራከር አመነ።

ቀኑ ደረሰ። ሸዋንግዛው በክት ልብሳቸው ቆመው፣ አጥርተው ለመስማት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከኋላቸው የቆመው ጎሊቻ ከትከሻቸው በላይ አንዲት ብርማ ነገር አየ፤ ትንኝ ታህላለች፣ ድምፅ የላትም። ክንዳቸውን ሲጎትት ጣታቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ዳግም ቢያይ ቤት አክላለች፤ አሁንም ጭጭ። ከዚያ በራሳቸው ላይ አለፈች፣ ሰማዩም እንደ አቡጀዲ ተተረተረ።

ባርኔጣው በእርግጥ ተነሳ፤ ያነሱት ግን እሳቸው አይደሉም።

ሕዝቡ መሬት ላይ ተነጠፈ። ሸዋንግዛው ዓይናቸውን ገልጠው ጩኸቱ ወደመጣበት ቢያዩ ባዶ ሰማይ ነው። ከብቱ በየቁጥቋጦው ተበተነ። የሁሉም መንጋ በመበርገጉ ሽማግሌዎች የጉድጓዱን ተራ ለማግስቱ አሸጋገሩ፤ ጎሊቻ በዚያ ተረፈ። ከብቱም አንድ በአንድ ተሰበሰበ፤ ቡሬዋ ብቻ ጠፋች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በግራሮቹ መሃል አገኛት። ከነሆዷ፣ በሰላም ቆማለች። አጠገቧ ሸዋንግዛው ሱሪያቸው በእሾህ ተቀዶ፣ ቀንዷን በከረባታቸው አስረው ተቀምጠዋል። ጎሊቻ በመንገዱ ሁሉ ያጠራቀመው ስድብ አፉ ላይ ነበር።

«ጄቷ ድምጿን ጥላ የመጣችው እንዴት ነው?» ሲል ግን ጠየቀ።

ሸዋንግዛው በላሟ ቀንድ ላይ ያለውን ቋጠሮ አጠበቁ። «አላውቅም» አሉ።

ጎሊቻ ከጄቷ ይልቅ አሁን ደነገጠ። ዱላውን ጥሎ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እንዲህ አትበል» አለ በቀስታ። «አንተ ካላወቅክ፣ እኔ ገበያ ወጥቼ ማንን ‹ውሸትህን ነው› ልበል?»

ሸዋንግዛው ከሱሪያቸው እሾህ ነቀሉ። ሰማዩን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ነገሩ፣ አሉ፣ ከነፋሱ ነው።

ጎሊቻ ለመቃወም ተመቻቸ።