ጣልቃ የማይገቡት ወይዘሮ ራዶይካ

ሕፃን ታቅፋ ብቻዋን የምትጓዝ ሴት በዚህ አገር ብቻዋን ሆና አታውቅም። ባሏ ላይኖር ይችላል፣ እናቷ ላትኖር ትችላለች፣ ሻንጣዋን የሚያነሳላት አንድ ወንድ ላይገኝ ይችላል። ወይዘሮ ራዶይካ ግን አሉ። ስማቸው በሌላ መስመር ላይ ሌላ ይሆናል፤ ሴትዮዋ ግን አንድ ናቸው። በበጋ ሹራብ ለብሰዋል፤ ጉልበታቸው ላይ በፎጣ የተጠቀለለ የቃሪያ ድልህ ጠርሙስ አለ፤ አፋቸው ላይ ደግሞ ያቺ የታወቀች አባባል አለች፦ «እኔ ጣልቃ አልገባም እንጂ…»

ከ«እንጂ» ወዲያ የሚመጣውን ከሰርቢያዋ ሶምቦር ድንበር ተሻግሮ እስከ ሃንጋሪዋ ባያ የሚመላለስ መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። የሚኒባሱ ሾፌር ጎይኮ እንደሚለው፣ ትኬት ሊቆርጥ የሚመጣው ሰው ግማሹ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ሴትዮዋ የምትሄደው መቼ ነው?» ይላል። «አርብ» ይለዋል። ሰውየው ሐሙስ ይቆርጣል።

ቪሽንያ ይህን አታውቅም ነበር። አርብ ቆረጠች።

ብታውቅም ምርጫ አልነበራትም። ባሏ ጋሽፓር ሃንጋሪያዊ ነው፤ በዳኑብ ወንዝ በሚሄድ የጭነት መርከብ ላይ ብረት በያጅ ሆኖ ይሠራል። መርከቡ ያን አርብ ባያ ላይ እህል ይጭንና ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥቶ ለሦስት ወር ወደ ላይ ይወጣል። ጋሽፓር ልጁን ሬልያን ያየው ገና የሁለት ሳምንት ሥጋ ሳለ ነው። ሬልያ አሁን አራት ወሩ ነው። መሳቅ ጀምሯል። ሲስቅ ያላየው ሰው ቢኖር አባቱ ብቻ ነው።

ቪሽንያ ሚኒባሱ ውስጥ ስትገባ ቁጣዋ የሦስት ሳምንት ዕድሜ ነበረው። ልጁ በእናቱ ሰርብ፣ በአባቱ ሃንጋሪ ነው፤ ሁለት ፓስፖርት አለው፣ ሁለቱም ቀይ። በአንዱ ይወጣል፣ በሌላው ይገባል። በዚያ ላይ «እናትየው ልጁን ይዛ ብትሄድ አልቃወምም» የሚል፣ በውል አዋዋይ ፊት የተፈረመና ማኅተም የተመታበት የአባት ደብዳቤ ያስፈልጋል። በአራት ወር ዕድሜው ከጡት በቀር ምንም ያልጠየቀ ፍጡር ሁለት መንግሥት ይጠይቀዋል። በየመስኮቱ የተቀመጠው ጸሐፊ ሁሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ ነበረው፦ «አባቱስ የት ነው?» ወረፋው ሁሉ እየሰማ። አንድ ወንድ ሕፃን ታቅፎ ቢቆም ኖሮ ማንም «እናቱስ?» አይለውም ነበር። «ምን ዓይነት ግሩም አባት ነው!» ይሉና ወንበር ያቀርቡለታል።

እንዲህ ጥርሷን ነክሳ እንደተቀመጠች ወይዘሮ ራዶይካ መጡና አጠገቧ ተደላደሉ።

«ኧረ መስኮቱን! ጎይኮ፣ መስኮቱን ዝጋው! ልጁን ነፋስ ሊገድለው ነው!»

ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል። መስኮቱ ተዘጋ።

«እኔ ጣልቃ አልገባም እንጂ ልጄ፣ ካልሲው የት አለ?»

«ሞቆታል፣ እትዬ።»

«ሙቀት ሰው ገድሎ አያውቅም። የእኔ ባል የሞተው በነፋስ ነው።»

«ባልሽ የሞተው በመጠጥ ነው» አለ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ።

«ጠጥቶ ነፋስ ላይ ተኝቶ!» አሉ ወይዘሮ ራዶይካ ዘወር ሳይሉ። ከዚያ ሕፃኑ ላይ አጎነበሱ። «ውይ፣ እንዴት ያለ አስቀያሚ ነው! ቱፍ፣ ቱፍ! ጦጣ!»

ይህ ዓይን እንዳይበላው የሚሰጥ ከፍተኛ ሙገሳ መሆኑን ቪሽንያ ከልጅነቷ ታውቃለች። ቢሆንም ደሟ ፈላ።

«አባቱስ?»

ያቺ ጥያቄ መጣች። ቪሽንያ ዓይኖቿን ጨፈነች። «መርከብ ላይ ነው።»

«እህ» አሉ ወይዘሮ ራዶይካ። «ሁሉም መርከብ ላይ ናቸው። የጎረቤቴ ልጅ ባልም መርከብ ላይ ነው፤ ቪየና ውስጥ፣ ከአንዲት ፀጉር ሠሪ ጋር።»

ሚኒባሱ ሳቀ። ጎይኮ እንኳ በመስተዋቱ ሳቀ። ቪሽንያ ከጆሮዋ እስከ አንገቷ ቀላች።

ክፋቱ ሬልያ የዚያን ጊዜ ዳይፐሩን ሞላ። ዳይፐር ለመቀየር ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ ሰነዶቹን የያዘው ላስቲክ ከጭኗ ተንሸራቶ ወደቀና ወይዘሮ ራዶይካ አነሡላት። ሳይጠሯቸው አቤት፣ ሳይልኳቸው ወዴት።

«ሁለት ፓስፖርት? ለዚህ ለጦጣ? እኔ ከአንድ ግቢ ሳልወጣ አራት አገር ተቀያይሮብኛል፤ አንዱም ሲሄድ ደህና ሁኚ አላለኝም። ይሄ ጥርስ እንኳ ሳያወጣ ሁለት አገር! እኔ ጣልቃ አልገባም እንጂ ሁለቱንም አንድ ላይ አሳዪያቸው፤ ይፈሩሻል።»

«እባክዎ አይነካኩት፣ እትዬ።»

ወይዘሮ ራዶይካ ከብብታቸው ቦርሳ አወጡና ሁለት ሺህ ዲናር ለአራት አጠፉ። «በይ ቀና አድርጊው፣ ራስጌው ሥር ላኑርለት። ሕፃን መጀመሪያ ሲያዩት ባዶ እጅ አይታይም።»

«አልፈልግም።»

«ለአንቺ ነው እንዴ? ለእሱ ነው።»

«ለእሱም አልፈልግም አልኩ!»

ከኋላ የነበረው ሽማግሌ ምላሱን መታ። በዚህ አገር የሕፃን ገንዘብ አይመለስም፤ ዕድሉን ከደጃፍ እንደ መመለስ ነው። ወይዘሮ ራዶይካ ወደ መስኮቱ ዞሩና ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋስን ረሱት። ቪሽንያ ልጁን አልብሳ ስትጨርስ ላስቲኩን ሳይናገሩ መለሱላት። አሸነፍኩ ብላ አሰበች።

ኬላው ጋ ስምንት ሰዓት ሆነ። ሁሉም ወርዶ ፀሐይ ላይ ተሰለፈ። ቪሽንያ ተራዋ ደርሶ የልጁን የሰርቢያ ፓስፖርት ለወጣቱ ፖሊስ በመስኮት ሰጠችው። ፖሊሱ ገለጠው። ከመሃሉ ለአራት የታጠፈ ሁለት ሺህ ዲናር ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለ።

ወጣቱ ገንዘቡን አየ። እሷን አየ። ጆሮው እንደ ፓስፖርቱ ቀላ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እመቤት?»

«እኔ… የእኔ አይደለም።»

«ፓስፖርቱ ግን የልጅዎ ነው። ወደ ጎን ይቁሙ። አለቃ ልጥራ።»

ጉቦ ማለቱ ነበር። ሰነዶቿን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ጎይኮ ሰዓቱን አየና፣ «እህቴ፣ ሩብ ሰዓት እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በላይ ቆሜ አላውቅም፤ ሌላው መንገደኛ ይበላኛል» አላት። ቀጣዩ ሚኒባስ ሰኞ ነው። መርከቡ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል።

ቪሽንያ ዘወር አለች። ወይዘሮ ራዶይካ ድልሃቸውን አቅፈው ቆመዋል።

«አንቺ ሴትዮ!» አለች። «እርስዎ»ው የት እንደወደቀ እሷም አላየችውም። «ማን ጠራሽ? አልፈልግም አላልኩሽም? ካልሲው ምን አገባሽ? ባሌ ምን አገባሽ? ሦስት ሳምንት በየደጁ ስለምን የነበርኩት ለዚች ለአንዲት ቀን ነው! አባቱ የልጁን ሳቅ ሳያይ በጋው ሊያልፍ ነው፤ በማን? በአንቺ! ጣልቃ አልገባም ትያለሽ እንዴ? አንቺ ከጣልቃ በቀር መግቢያ የለሽም!»

ሬልያ ማልቀስ ጀመረ። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ መልስ ያላጡት ወይዘሮ ራዶይካ ጠርሙሱን ለሽማግሌው አስያዙ። ከዚያ ማንም የማያልፈውን ቢጫ መስመር ተሻገሩና መስኮቱን በጡጫ ደበደቡ።

«አንተ ልጅ! ና እዚህ! የማን ልጅ ነህ?»

«እማማ፣ ከመስመሩ ወዲያ…»

«የማን ልጅ ነህ አልኩህ? ስትወለድ ራስጌህ ሥር ያኖረልህ ሰው አልነበረም? ታዲያ ጭንቅላትህ እንዲህ ቢቀር ምን ይገርማል!»

አለቃው ወጣ። ጡረታ የቀረበው፣ ሆዱ ቀበቶውን የደበቀበት ሰው ነው። ገንዘቡን በሁለት ጣቱ ይዞታል።

«እኔ ነኝ ያኖርኩት» አሉ ወይዘሮ ራዶይካ። «ጻፍ፦ ራዶይካ ቦጎሳቫች። ከፈለግህ እሰረኝ፤ አርብ ነው፣ እስከ ሰኞ ሥራ የለኝም። ልጅቷን ግን ልቀቃት።»

«የሕፃን ገንዘብ ከሆነ ለምን ራስጌው ሥር አላኖሩትም?»

«እናቱ ከለከለችኛ! ኩሩ ናት። የሰው እጅ አታይም። ሕፃኑን ያለ ዕድል ልሸኘው ነበር እንዴ? ፎቶው ያለበት ፓስፖርትም እሱ ራሱ ነው ብዬ እዚያው አኖርኩለት። አንተስ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

አለቃው አሰበ። እሱም የልጅ ልጆች ሳይኖሩት አልቀረም። የአባትየውን ደብዳቤ እስከ ማኅተሙ አነበበ፣ ገንዘቡን ፓስፖርቱ ውስጥ መልሶ አጠፈው። ከዚያ በሠላሳ ዓመት ልማድ አፉ ራሱ ተከፈተ።

«አባቱስ የት ነው?»

ቪሽንያ አየር ሳበች። ወይዘሮ ራዶይካ ግን ቀደሟት።

«መርከብ ላይ ነዋ! ደብዳቤው አይናገርም? ምን አገባህ? በሰው ትዳር ጣልቃ መግባት ደግሞ ምን የሚሉት አመል ነው!»

ጎይኮ ሳቁን በሳል ዋጠው። ማኅተሙ ተመታ።

በወዲያኛው ኬላ ቪሽንያ ሌላውን ቀይ ፓስፖርት ሰጠች፤ ማንም ምንም አላላትም። ሚኒባሱ ሲነሣ ገንዘቡን አውጥታ ሬልያ ራስጌ ሥር አኖረችው። ቁጣዋ አሁንም ነበር፤ ማን ላይ እንደምታወርደው ግን ጠፋባት።

«እትዬ፣ ቅድም አንቺ ስላልኩዎት…»

«ምን አልሽ? ጆሮዬን ነፋስ መቶታል፣ አልሰማሁም።»

ቪሽንያ ተነሥታ ኬላው ላይ ተከፍቶ የቆየውን መስኮት ዘጋችላቸው። ጥቂት እንደሄዱ ወይዘሮ ራዶይካ በመሐረብ ግንባራቸውን ጠረጉ። «እኔ ጣልቃ አልገባም እንጂ እዚህ ውስጥ ሰው ሊቀቀል ነው።»

ባያ ወደብ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጋሽፓር የሥራ ቱታውን እንደለበሰ እየሮጠ መጣ፤ ልጁን ለመቀበል እጁን ሱሪው ላይ ሦስት ጊዜ ጠረገ። የዚያን ጊዜ ከሚኒባሱ መስኮት አንድ ራስ ወጣ።

«አንተ! እስካሁን የት ነበርክ?»

ጋሽፓር የሚስቱን ቋንቋ ቀስ ሲሉለት ነው የሚሰማው። «ምን አሉ?» አለ ደንግጦ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልሳቀችው ቪሽንያ ሳቀች። ሬልያም እሷን አይቶ ሳቀ። «መልስላቸዋ» አለችው።

መርከቡ ከሦስት ወር በኋላ ወደ ባያ የሚመለስበት ሳምንት ሲቃረብ ቪሽንያ ልጇን ታቅፋ ወደ ጎይኮ ሄደች።

«ሴትዮዋ የሚሄዱት አሁንም አርብ ነው?»

«አትጨነቂ» አለ ጎይኮ፤ «ሐሙስ ሰፊ ቦታ አለ።»

ቪሽንያ ከሬልያ እግር ሊወልቅ የደረሰውን ካልሲ ወደ ላይ ሳበችው።

«አርብ ቁረጥልኝ» አለች። «አጠገባቸው።»