ወንበሩ ትይዩ ይሁን

(ሆሳዕና፣ አንድ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን፣ እሁድ ከሰዓት። የሃይማኖት አስተማሪው ካቴኪስት ሳህሉና የመዘምራኑ ከበሮ መቺ አጵሎስ ረጅም አግዳሚ ወንበር በሁለት ጫፍ ይዘው ቆመዋል።)

አጵሎስ፦ ወደ መንበሩ ነው ወይስ ወደ ግድግዳው የሚዞረው? ክንዴ ሊገነጠል ነው።

ሳህሉ፦ ትይዩ አልኩህ እኮ። ግማሹ ሰው እዚህ፣ ግማሹ እዚያ፣ ፊት ለፊት። አዲስ አበባ የእንግሊዞቹ የአንግሊካን ቤተክርስቲያን ያየሁት እንደዚህ ነው።

አጵሎስ፦ ፊት ለፊት ተያይተው ምን ያደርጋሉ?

ሳህሉ፦ የማታ ጸሎት ነዋ። ዳዊት ይቀባበላሉ፤ አንዱ ወገን ይላል፣ ሌላው ይመልሳል። ችኮላ የለ፣ ጩኸት የለ።

አጵሎስ፦ ከበሮስ?

ሳህሉ፦ የለም።

አጵሎስ፦ ታዲያ እኔን ለምን ጠራኸኝ?

ሳህሉ፦ ወንበር ለመሸከም።

(አጵሎስ አግዳሚውን ያስቀምጣል።)

አጵሎስ፦ ጎረቤት ፕሮቴስታንቶቹ ድምፅ ማጉያ ከፍተው ሲዘምሩ እኛ ዝም?

ሳህሉ፦ እሱን ነው የምንማረው። የእኛ ሰው ከቆረበ ልቡ በር ላይ ነው፤ አንግሊካኖቹ ግን ጸሎቱ አልቆም ተንበርክከው ይቆያሉ። ሮም ራሷ ከእነሱ የተቀበለችው ጸሎት አለ። ደግሞ ዝም አይነቅዝም።

አጵሎስ፦ አንተን ሳይ ግን የሚነቅዝ ይመስለኛል። አዜብ መዝሙር ስትመራ አጠገቧ ቆመህ ገጽ ትገልጣለህ፤ በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

ሳህሉ፦ የአባቷን የአቶ ተክለጊዮርጊስን ፊት ሳይ የማውቀው ቃል ሁሉ ይጠፋኛል። ተወው። ከፎንቆ እንድትጠራቸው የነገርኩህ አዛውንቶችስ? ዳዊት የሚችሉት?

አጵሎስ፦ መጥተዋል። አጎትህ አቶ ሆሴዕም አሉ። የአዜብን ቤተሰብ በዚያኛው ወገን አስቀምጣቸዋለሁ።

(ጥቂት ቆይቶ። ሁለቱ ከበሩ ውጭ ናቸው፤ ከውስጥ ንግግር ይሰማል።)

ሳህሉ፦ ሳልገባ ጀመሩ እንዴ?

አጵሎስ፦ እንዳልከው ነው፤ አንዱ ወገን ይላል፣ ሌላው ይመልሳል።

ሳህሉ፦ (በበሩ ስንጥቅ አይቶ) አጎቴ ለምን ቆሙ?

አጵሎስ፦ ሽማግሌ ከሰው ቤተሰብ ፊት ለፊት ተቀምጦ ዳዊት ሲደግም የት አየህ? «ልጃችሁን ለልጃችን» እያሉ ነው።

ሳህሉ፦ ማንን ለማን?

አጵሎስ፦ አዜብን ላንተ።

ሳህሉ፦ (በሩን ተደግፎ) ጉድ ሠራኸኝ። ወንበሩን አይተው ሽምግልና መሰላቸው። ሂድና ጸሎት ነው በላቸው።

አጵሎስ፦ አሁን አቶ ተክለጊዮርጊስ ዝም ብለዋል። ዝምታ እየተማርን አይደል?

ሳህሉ፦ እምቢ ካሉ እዚህ ቆሜ እንዴት አስተምራለሁ? እኔ እኮ እወዳታለሁ፣ አጵሎስ።

አጵሎስ፦ ይህን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ብትነግራት ይሻል ነበር።

(ከውስጥ እልልታ።)

ሳህሉ፦ እሺ አሉ? ያለ ቀጠሮ? ሽማግሌ ተመላልሶ ጫማው ሳያልቅ?

አጵሎስ፦ እነ አቶ ተክለጊዮርጊስ ሲመክሩ ነው የሰነበቱት። ሽማግሌ እንደሚመጣ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ።

ሳህሉ፦ አንተ? ማን ላከህ?

አጵሎስ፦ አዜብ ናታ። «እሱ ከሆነ አይናገርም፤ ሽማግሌዎቹን ጥራ፣ ወንበሩን ራሱ ያስተካክለዋል» አለችኝ።

(ሳህሉ ሊገባ በሩን ይገፋና ዞር ይላል።)

ሳህሉ፦ ከበሮህ የት ነው?

አጵሎስ፦ (ከበሩ ጀርባ እያወጣ) ይኸው። ወንበር ልሸከም ብቻ የመጣሁ መስሎህ ነበር?